የመድኃኒቱ የአባት ስም ማን ነው? አንቲባዮቲኮችን በየቤተሰባቸው ስለማወቅ

ሕግ የተማረ ሰው በመድኃኒት ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ሐኪምም ፋርማሲስትም አይደለሁም። ይሁን እንጂ የሙያዬ ግማሹ ስምን በትክክል ማንበብ ነው። በውል ላይ የአንድ ሰው የአባት ስም ከተዛነፈ ክርክሩ ዋናውን ጉዳይ ትቶ “ይኼ ሰው ማን ነው?” ወደሚል ይዞራል። ዕድሜዬን በሙሉ ለስም እንዲህ ስጠነቀቅ ኖሬ፣ የመድኃኒት ስም በትክክል ማንበብ ስላልቻልኩ ብቻ ታላቅ እህቴን ላጣት ነበር። የዛሬው ጽሑፌ መነሻም ይኼው ነው።

እህቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ፔኒሲሊን አይስማማትም። በቤታችን ይህን የማያውቅ የለም። ባለፈው ዓመት ጥርሷን ተነቅላ ድዷ በማመርቀዙ የታዘዘላትን መድኃኒት ልገዛ የሄድኩት እኔ ነኝ። ማዘዣው ላይ የሰፈረው የንግድ ስም ብቻ ነበር። “ታማሚዋ ፔኒሲሊን አይስማማትም” ብዬ ለሻጩ ነገርኩት። ሣጥኑን አገላብጦ አየና “ይኼ ፔኒሲሊን አይደለም ጋሼ፣ ከሱ የጠነከረ ነው” አለኝ። እኔም አየሁት። ፔኒሲሊን የሚል ቃል የለበትም። አመስግኜ ወጣሁ።

የመጀመሪያውን ፍሬ ከዋጠች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰውነቷን አሳከካት፣ ከንፈሯና የዓይኗ ቆብ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። ድንገተኛ ክፍል ደርሰን አድሬናሊን ተወጋችና ተረፈች። ተረኛዋ ሐኪም ሣጥኑን ተቀብላ ከትልቁ ስም ሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ በጣቷ አሳየችኝ። “አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር” ይላል። “አሞክሲሲሊን እኮ ራሱ ፔኒሲሊን ነው” አለችኝ።

መነጽሬን አድርጌ ነበር። ጽሑፉንም አይቼዋለሁ። ያላወቅኩት ዝምድናውን ነው። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትንና ባለሙያዎችን ጠይቄ የተረዳሁትን፣ እንደኔ ላለው አንባቢ በሚገባ መንገድ ከዚህ በታች አቀርባለሁ። ዓላማው ማንም ራሱን እንዲያክም አይደለም። የሚሰጠውን መድኃኒት ስም አውቆ እንዲጠይቅ ነው።

የወል ስምና የንግድ ስም

በሰዋስው ትምህርት የተጸውኦ ስምና የወል ስም የሚባሉትን ሁላችንም ተምረናል። መድኃኒትም እንዲሁ ነው። አንዱ ስም አምራቹ ኩባንያ ያወጣለትና የራሱ አድርጎ ያስመዘገበው የንግድ ስም ነው። ሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ይኼ ነው። ሌላው፣ በየትኛውም አገር በማንም ይመረት የማይለወጠው የወል ስሙ ነው። ባለሙያዎች ጀነሪክ ስም የሚሉት ይህንን ነው። ከሁለቱ ሌላ ረጅም የኬሚካል ስም አለ፤ እሱን ለኬሚስቶች እንተወው።

የወል ስሞችን የሚያወጣው የዓለም ጤና ድርጅት ነው። የዓለም ጤና ጉባዔ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳለፈው ውሳኔ ሥራው ተጀምሮ፣ የመጀመሪያው የስሞች ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1953 ታተመ። መርሁ ቀላል ነው። ተመሳሳይ የሆኑ መድኃኒቶች በስማቸው ውስጥ አንድ የጋራ ቅጥያ ይኖራቸዋል። ቅጥያው የቤተሰቡ መታወቂያ ነው።

እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ከፈረንጁ ይልቅ የሚቀለው ነገር አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም ቀድሞ የአባት ስም ይከተላል። የብዙ መድኃኒቶች ስምም እንደዚሁ ነው። አምፒ-ሲሊን፣ አሞክሲ-ሲሊን፣ ክሎክሳ-ሲሊን ስንል የፊተኛው የልጁ፣ የኋለኛው የአባቱ ስም ነው። ሦስቱም የፔኒሲሊን ልጆች ናቸው። ይህን አንድ ነገር ባውቅ ኖሮ እህቴ ሆስፒታል ባልደረሰች። በነገራችን ላይ አብዛኞቻችን “አሞክሳሲሊን” የምንለው መድኃኒት ትክክለኛ ስሙ አሞክሲሲሊን ነው።

የወል ስምም ቢሆን አልፎ አልፎ ከአገር አገር ይለያያል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠውን ሪፋምፒሲን አሜሪካኖች ሪፋምፒን ይሉታል። ፔኒሲሊን ጂ እና ቤንዛይልፔኒሲሊን አንድ ናቸው። በንግድ ስም ላይ ግን ልዩነቱ ማለቂያ የለውም። ከአሜሪካ ዘመድ በሻንጣ የሚያመጣው ዚ-ፓክ፣ እዚህ በማዘዣ የምናገኘው አዚትሮማይሲን ነው። ኬፍሌክስ ሴፋሌክሲን ነው። ባክትሪም ኮትራይሞክሳዞል፣ ፍላጂል ደግሞ ሜትሮኒዳዞል ነው። ኦግመንቲን የእህቴን ሣጥን ዓይነት ቅንብር፣ ማለትም አሞክሲሲሊንና ክላቩላኒክ አሲድ ነው።

ዋና ዋናዎቹ ቤተሰቦች

ከሁሉ አስቀድሞ፣ አንቲባዮቲክ የሚሠራው በባክቴሪያ ላይ ነው። ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ ስለሆነ ከሚከተሉት አንዱም አያድነውም። በኮቪድ ወቅት አዚትሮማይሲን በየቤቱ ሲዋጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ትልቅ የብሪታኒያ ጥናት ግን ለሆስፒታል ታካሚዎች እንኳ እንዳልጠቀመ አሳይቷል።

*ፔኒሲሊኖች (“-ሲሊን”)።* አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ለንደን ውስጥ ከሻጋታ ያገኘውን ንጥረ ነገር፣ ኦክስፎርድ ላይ ፍሎሪና ቼይን ለሕክምና አበቁት። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የባክቴሪያውን የሴል ግድግዳ ግንባታ ያሰናክላል። የሰው ሴል እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው ለእኛ ጉዳቱ አነስተኛ ነው፣ አለርጂ ከሌለብን። የልብ ሕመም ያስከተለ የሩማቲክ ትኩሳት ያለባቸው ወጣቶች በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጉት ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ ለቆዳ ቁስል የሚታዘዘው ክሎክሳሲሊን፣ ለሕፃናት የሳንባ ምች የሚሰጠው አሞክሲሲሊን ሁሉም ከዚህ ናቸው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን የሚበጣጥስ ኢንዛይም አላቸው። ክላቩላኒክ አሲድ የሚጨመረው ያንን ኢንዛይም ለመያዝ ነው። “የጠነከረ” የተባልኩት ለዚህ ነበር። ጥንካሬው ግን ከፔኒሲሊንነት አላወጣውም።

*ሴፋሎስፖሪኖች (“ሴፍ-” ወይም “ሴፋ-”)።* በዚህ ቤት የአባት ስም ከፊት ይመጣል። ሴፋሌክሲን፣ ሴፍሮክሲም፣ ሴፊክሲም፣ ሴፍትሪአክሶን፣ ሴፍታዚዲም፣ ሴፌፒም። ጣሊያናዊው ጁሴፔ ብሮትዙ እ.ኤ.አ. በ1945 ሰርዲኒያ ደሴት ላይ፣ የከተማ ፍሳሽ ወደ ባሕር ከሚገባበት ቦታ ባገኘው ሻጋታ የተጀመረ ነው። በኬሚካል አሠራሩ የፔኒሲሊን የአጎት ልጅ ነው። ስለዚህ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ይህን ከመውሰዱ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት። ሁለቱንም የማይቀበሉ ሰዎች ቀድሞ ይባል ከነበረው በጣም ያነሱ መሆናቸው ታውቋል፤ ውሳኔው ግን የሐኪሙ ነው። በሆስፒታሎቻችን በመርፌ እጅግ የሚዘወተረው ሴፍትሪአክሶን ከዚህ ቤት ነው።

*ካርባፔኔሞች (“-ፔኔም”)።* ሜሮፔኔም፣ ኢሚፔኔም። እነሱም የዚሁ ዘር ናቸው። በሆስፒታል፣ ሌላው እምቢ ሲል የሚሰጡ ናቸው።

*አሚኖግላይኮሳይዶች።* ስትሬፕቶማይሲን፣ ጄንታማይሲን፣ አሚካሲን። ስትሬፕቶማይሲን እ.ኤ.አ. በ1943 በሰልማን ዋክስማን ቤተ ሙከራ ከአፈር ባክቴሪያ የተገኘ፣ ለሳንባ ነቀርሳ የመጀመሪያው ፍቱን መድኃኒት ነው። ከአንጀት ወደ ደም ስለማይገቡ ለመላ ሰውነት ሕመም በመርፌ ይሰጣሉ። ጄንታማይሲን ከአምፒሲሊን ጋር ሆኖ ደማቸው በተመረዘ ጨቅላዎች ላይ ይሠራል። በኩላሊትና በጆሮ ላይ ጉዳት ሊያደርሱ ስለሚችሉ መጠናቸው በጥንቃቄ ይሰላል።

*ቴትራሳይክሊኖች (“-ሳይክሊን”)።* ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን። የቤተሰቡ የመጀመሪያ አባል እ.ኤ.አ. በ1948 ይፋ ሆነ። ቴትራሳይክሊን በሚያድግ ጥርስና አጥንት ላይ ስለሚቀመጥ የሕፃናትን ጥርስ ያበልዛል፤ ለነፍሰ ጡርም አይመከርም። ከወተት፣ ከአይረን ወይም ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር ሲወሰድ አንጀት በሚገባ አይቀበለውም። በቅማል የሚተላለፈውን ተስቦ የሚያድነው ዶክሲሳይክሊን ነው። ተስቦና የአንጀት ተስቦ በስም ቢቀራረቡም በተለያዩ ባክቴሪያዎች የሚመጡ፣ መድኃኒታቸውም የተለያየ በሽታዎች ናቸው። የስም መመሳሰል የሚያሳስተው በበሽታም ጭምር መሆኑን ልብ ይሏል።

*ማክሮላይዶች።* ኤሪትሮማይሲን፣ ክላሪትሮማይሲን፣ አዚትሮማይሲን። ከፔኒሲሊን ጋር ዝምድና ስለሌላቸው አለርጂ ላለበት ሰው አማራጭ ሆነው ይታዘዛሉ። ክላሪትሮማይሲን ከአሞክሲሲሊንና ከአሲድ ቀናሽ መድኃኒት ጋር ለጨጓራ ባክቴሪያ ይሰጣል። አዚትሮማይሲን ደግሞ በአማራ ክልልና በሌሎችም አካባቢዎች ትራኮማን ለመከላከል ለሕዝብ በነፃ ሲታደል የኖረው መድኃኒት ነው።

*ፍሎሮኩዊኖሎኖች (“-ፍሎክሳሲን”)።* ኖርፍሎክሳሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሌቮፍሎክሳሲን፣ ሞክሲፍሎክሳሲን። የመነሻ አባታቸው ናሊዲክሲክ አሲድ የተገኘው የወባ መድኃኒት የሆነው ክሎሮኪን ሲሠራ በተረፈ ምርትነት ነው። ጅማትን ሊጎዱ እንደሚችሉ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2008 ከፍተኛ ማስጠንቀቂያ አውጥቶባቸዋል። ሌቮፍሎክሳሲንና ሞክሲፍሎክሳሲን መድኃኒት ለተላመደ ሳንባ ነቀርሳ ስለሚያስፈልጉ በከንቱ ሊባክኑ አይገባም።

*ሰልፋዎች (“ሰልፋ-”)።* ከፔኒሲሊን ቀድመው፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለሕክምና የዋሉ ናቸው። ዛሬ በብዛት የምናውቀው ኮትራይሞክሳዞልን ነው፤ እሱም ሰልፋሜቶክሳዞልና ትራይሜቶፕሪም የተባሉ የሁለት መድኃኒቶች ቅንብር ነው። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ወገኖች ለተጓዳኝ በሽታዎች መከላከያ ይወስዱታል። “ሰልፋ አይስማማኝም” የሚል ሰው፣ ኮትራይሞክሳዞል በሚለው ስም ውስጥ ሰልፋ የሚል ቃል እንደማያገኝ ይወቅ።

*ናይትሮኢሚዳዞሎች (“-ኒዳዞል”)።* ሜትሮኒዳዞልና ቲኒዳዞል። ለአሜባና ለጃርዲያ፣ እንዲሁም አየር በሌለበት ለሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይሠራሉ። ከአልኮል ጋር አይወሰዱም።

ከእነዚህ ሌላ ክሎራምፌኒኮል፣ ክሊንዳማይሲን፣ ቫንኮማይሲን፣ ኮሊስቲንና ሊኔዞሊድ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቤተሰብ አላቸው።

የሚያሳስቱ ስሞች

የአባት ስም ሁልጊዜ ዝምድናን አያረጋግጥም። ሁለት አበበዎች የግድ ወንድማማች አይደሉም። “-ማይሲን” የሚለው መድረሻ ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው። ቅጥያው የሚነግረን መድኃኒቱ ስትሬፕቶማይሲስ ከተባሉ የአፈር ባክቴሪያዎች መገኘቱን እንጂ ቤተሰቡን አይደለም። ስለዚህ ስትሬፕቶማይሲን፣ ኤሪትሮማይሲን፣ ክሊንዳማይሲንና ቫንኮማይሲን አራት የተለያዩ ቤተሰቦች ናቸው። ጄንታማይሲን ደግሞ ማይክሮሞኖስፖራ ከተባለ ሌላ ተህዋስ የተገኘ በመሆኑ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በ“ዋይ” ምትክ “አይ” ይገባበታል። በእኛ ፊደል ግን ሁለቱም “ማይሲን” ስለሚሆኑ ልዩነቱ ይጠፋል።

“-ዞል”ም እንዲሁ ነው። ሜትሮኒዳዞል የአሜባና የባክቴሪያ ነው። አልቤንዳዞልና ሜቤንዳዞል የወስፋት ናቸው። ፍሉኮናዞልና ኬቶኮናዞል የፈንገስ ናቸው። ኦሜፕራዞል የጨጓራ አሲድ መቀነሻ ነው። በስልክ “መጨረሻው ዞል የሚለውን ግዛልኝ” ብሎ መላክ ምን እንደሚያስከትል አንባቢ ይፍረድ።

ከሁሉ የባሰው በቀለም መጥራት ነው። በልጅነቴ ሰፈራችን “ቀይና ቢጫው” ይባል የነበረ እንክብል ነበር፤ የራስ ምታትም ቁስልም በሱ ይታከም ነበር። ቀለም የአምራቹ ምርጫ ነው። አንዱ ፋብሪካ ለአንዱ የሚሰጠውን ቀለም ሌላው ለሌላ ይሰጠዋል።

ስሙን ማወቅ ምን ይጠቅማል?

አንደኛው ጥቅም የእህቴ ታሪክ ነው፤ አለርጂ የሚከተለው ቤተሰቡን እንጂ የንግድ ስሙን አይደለም። ሁለተኛው፣ አንድን መድኃኒት በሁለት የንግድ ስም ደርቦ ከመዋጥ ያድናል። ሦስተኛውና ለሕዝብ የሚተርፈው ግን ጀርሞች መድኃኒቶችን የመላመዳቸው ጉዳይ ነው።

ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 በኖቤል ንግግሩ፣ ፔኒሲሊንን ከሚገባው መጠን በታች መውሰድ ጀርሞቹን እንደሚያለማምድ አስጠንቅቆ ነበር። የፈራው ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ላንሴት በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ እንደሞቱ ገምቷል። ባክቴሪያ ሲላመድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቤተሰብ ነው። ሜቲሲሊንን የተላመደው ስታፊሎኮከስ ፔኒሲሊኖችንና አብዛኞቹን ሴፋሎስፖሪኖች አብሮ ይንቃል። ሲፕሮፍሎክሳሲን እምቢ ያለው ሰው በራሱ ጊዜ ወደ ኖርፍሎክሳሲን ቢዞር የሄደው ወደዚያው ቤት ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንቲባዮቲኮችን በሦስት ረድፍ ከፍሏል። በመጀመሪያው ረድፍ እንደ አሞክሲሲሊን፣ ዶክሲሳይክሊን፣ ጄንታማይሲንና ሜትሮኒዳዞል ያሉ በቅድሚያ ሊታዘዙ የሚገባቸው ናቸው። በሁለተኛው እንደ ሴፍትሪአክሶን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንና አዚትሮማይሲን ያሉ በጥንቃቄ የሚሰጡ አሉ። በሦስተኛው እንደ ኮሊስቲንና ሊኔዞሊድ ያሉ ለመጨረሻ ጊዜ የተጠበቁ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባዔ በ2024 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው መግለጫ፣ በ2030 በዓለም ላይ ለሰው ከሚውለው አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው ከመጀመሪያው ረድፍ እንዲሆን ግብ ተቀምጧል። እኛ “ጠንከር ያለ ስጠኝ” ስንል የምንጎርሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው ረድፍ ነው።

ሕጉስ?

በአገራችን የሚዋጡና የሚወጉ አንቲባዮቲኮች በሐኪም ማዘዣ ብቻ የሚሸጡ ናቸው። ዘርፉን የሚገዛው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው፤ የተቆጣጣሪነት ሥልጣኑም የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ያለ ማዘዣ ገዝቼ አላውቅም ብል ግን ዋሸሁ። ሕጉ መደርደሪያው ጋ ሲደርስ ጉልበቱ እንደሚያጥር ሁላችንም እናውቃለን፣ ተባባሪዎችም ነን።

የንግድ ምልክት ሕግ መሠረታዊ መርህ፣ የወል የሆነን ስም ማንም የግሉ ሊያደርገው አይችልም የሚል ነው። የዓለም ጤና ጉባዔም እ.ኤ.አ. በ1993፣ ኩባንያዎች የንግድ ስሞቻቸውን ከወል ስሞቹ ቅጥያ እንዳያወጡ አገሮች እንዲገቱ ጠይቋል። ዓላማው “-ሲሊን” የሚለው ቃል ፔኒሲሊንን ብቻ እንዲያመለክት ነው። ነገር ግን ይህ ጥበቃ አንድ ጎዶሎ አለው። የንግድ ስሙ ስለ ዘሩ ዝም እንዲል አይከለክልም። ዝምታውን ሊሰብር የሚችለው ማዘዣው ላይ የወል ስሙን በግልጽ የሚጽፍ ሐኪም፣ ሲያስረክብ ያንኑ ስም ጮክ ብሎ የሚያነብ ፋርማሲስት፣ ደግሞም የሚጠይቅ በሽተኛ ነው።

እንግዲህ መድኃኒት ሲቀበሉ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። የወል ስሙ ማን ነው? ከየትኛው ቤተሰብ ነው? ከማይስማማኝ መድኃኒት ጋር ይዛመዳል? ሣጥኑን ሲያዩ ከትልቁ ስም ሥር ያለውን ትንሹን ጽሑፍ፣ ሚሊግራሙንና ማብቂያ ቀኑን ያንብቡ። ከወል ስሙ ጎን “ትራይሃይድሬት” ወይም “ሃይድሮክሎራይድ” የሚል ቢያዩ አይደናገጡ፤ የተሠራበት ቅርጽ እንጂ ሌላ መድኃኒት አይደለም። ፔኒሲሊን አይስማማኝም ከሚሉ ሰዎች መካከል ደግሞ አብዛኞቹ ሲመረመሩ የሚስማማቸው ሆነው ይገኛሉ። ስለዚህ ጥርጣሬ ያለው ሰው ሐኪሙን ያማክር፤ ቤቱ ሆኖ ግን አይሞክር።

እህቴ ዛሬ ደህና ናት። በቦርሳዋ፣ ከመታወቂያዋ ጎን በእጄ የጻፍኩላት ወረቀት አለ። “ፔኒሲሊን፣ አምፒሲሊን፣ አሞክሲሲሊን፣ ክሎክሳሲሊን፣ በማናቸውም የንግድ ስም ቢመጡ አይሰጠኝ” ይላል። በሙያ ዘመኔ ብዙ ሰነድ አርቅቄያለሁ። አንድ ፊደል እንዳይሳሳት እንደዚህ የተጨነቅኩበት ግን የለም።